የልጅ ጉልበት ሲያብጥ ወዴት ይኬዳል? ከጤና ጣቢያ እስከ ስፔሻሊስት

«የልጆች ሩማቶሎጂስት» የሚል ታፔላ ፍለጋ አዲስ አበባን ብትዞሩ እግራችሁ እስኪቀጥን ትዞራላችሁ እንጂ በቀላሉ አታገኙም። የልጆችን የመገጣጠሚያ ብግነት (እብጠትና ቃጠሎ) የሚያክመው ይህ ሙያ ራሱ አገራችን ውስጥ ብርቅ ነው። ይህ ማለት ግን ልጃችሁ ሕክምና አያገኝም ማለት አይደለም። ሕክምናው አለ፣ ግን ተበታትኗል። ትንሹ ሕፃናት ሐኪም ጋ ነው፣ ትንሹ የአዋቂ ሩማቶሎጂስት ጋ፣ ትንሹ ዓይን ሐኪም ጋ፣ አንዳንዴም ልብ ሐኪም ጋ። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወላጅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መገጣጠሚያዋን የሚያማት ልጅ እናት ነኝ። ስለዚህ የመድኃኒት መጠን ከኔ አትጠብቁ።

1. መጀመሪያ የትኛው ቁርጥማት እንደሆነ ለዩ

ማታ ማታ ሁለቱንም እግሩን አመመኝ የሚል፣ ስታሹለት እንቅልፍ የሚወስደው፣ ሲነጋ ግን ምንም እንዳልነበረ ኳስ ይዞ የሚወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያመው የእድገት ሕመም ነው። ይህ ስፔሻሊስት ቀርቶ ሐኪምም ያን ያህል አይፈልግም።

የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከአልጋ ሲወርድ ዝም ብላችሁ እዩት። ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው? ጉልበቱ አልዘረጋም ይለዋል? ካልሲዬን አድርጉልኝ ይላል፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል? ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ትቶ ቆሞ ይጨነቃል? ከዚያ 3 ሰዓት ገደማ ሰውነቱ ይፍታታና ከጎረቤት ልጆች ጋር ይሯሯጣል። ይሄኔ ነው አያት «አስመስሎ ነው፣ ትምህርት ቤት ጠልቶ ነው» የሚሉት። አላስመሰለም። ጠዋት ደርቆ ሲንቀሳቀሱ የሚላቀቅ ሕመም የመገጣጠሚያ ብግነት ዋና ምልክት ነው።

ሐኪሞች ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚጠቀሙባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፣ እናንተም ቤት ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። መገጣጠሚያ፣ ጡንቻ ወይም ጀርባ ላይ ሕመም ወይም መድረቅ አለ? ያለ ሰው እርዳታ ልብስ መልበስ ያስቸግራል? ደረጃ መውጣትና መውረድስ? አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ መታየት አለበት።

ሐኪሞቹ «ጁቬናይል አርትራይተስ» የሚሉት በሽታ ከ16 ዓመት በፊት ጀምሮ፣ ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። 6 ሳምንቱ ግን ለምርመራው ስም ነው፣ እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ የምትጠብቁት አይደለም።

በዚያው ቀን የሚያስኬዱ ነገሮችም አሉ፣ እነዚህን አስምሩባቸው። አንድ መገጣጠሚያ ቀልቶ፣ ተቃጥሎ፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት ጭራሽ አታስነኩኝ ካለ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። አጥንቱን ሌሊት የሚያመው፣ የገረጣ፣ የከሳ፣ ያለ ምክንያት ሰውነቱ የሚበልዝ ልጅ የደም ካንሰርን የመሰለ ነገር እንዳይሆን ቶሎ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳቱ 5 ቀን ያለፈው፣ ዓይኑ የቀላ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ እጅና እግሩ ያበጠ ሕፃን ካዋሳኪ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ሲሰጥ ነው ልብን የሚያድነው። ሪፈር፣ ወረፋ፣ መድን፣ እነዚህ ላይ አይሠራም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

2. ደብተር ያዙ፣ ቪዲዮ ቅረጹ

ችግሩ ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ልጁ ተፍታቶ፣ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠ ነው። «የት አለ ሕመሙ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ በስልክ ቅረጹት። 30 ሰከንድ ይበቃል። ያበጠውን ጉልበት ከጤነኛው ጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ፍላሽ ሳይሆን በመስኮት ብርሃን። በተለይ ሽፍታ ካለ ይህ ወሳኝ ነው፤ በሕክምና መጽሐፍ ላይ ሮዝ ሆኖ የሚታየው ሽፍታ በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ እንደዚያ አይታይም፣ ማታ ወጥቶ ጠዋት የሚጠፋም አለ።

ደብተሩ ደግሞ ቀላል ይሁን። የኛ ይህን ይመስል ነበር፦

ሰኞ፦ 1 ሰዓት ተነሳች። ግራ ጉልበት አልዘረጋ አለ። 2፡15 ላይ ተላቀቀ። ትኩሳት የለም።
ማክሰኞ፦ ያው። የቀኝ ቁርጭምጭሚትም አብጧል።
ረቡዕ፦ ማታ ትኩሳት 39። ደረቷ ላይ ሽፍታ። ጠዋት የለም።

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ግን ጻፉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም፣ ክሊኒክ ውስጥ «ማስታገሻ ነው» ተብሎ የተወጋውንም። ስሙን ካላወቃችሁ ካርቶኑን አትጣሉ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ደክሳ የሚሉት መርፌና ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ናቸው። እብጠቱን ቶሎ ያጠፉታል፣ ወላጅም ይደሰታል። ግን በሽታው የደም ካንሰር ከሆነ ምልክቱን ይሸፍኑታል፣ ሐኪሙም ይሳሳታል። ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ማንም ስቴሮይድ እንዳይሰጠው። ይህን በጨዋነት፣ ግን በግልጽ እምቢ በሉ።

ወጌሻስ? ለወለምታ ይሁን። ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ግን ሲታሽ ይብስበታል፣ ውስጡ መግል ካለ ደግሞ አደጋ ነው። ጸበል ላይ ከቤተሰብ ጋር አትጣሉ፤ ጸበሉም ይጠመቅ፣ ቀጠሮውም አይለፍ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ።

3. ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ሪፈሩን ግን አንብቡት

ብዙ ሰው ጤና ጣቢያን ዘሎ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ይፈልጋል። ገንዘብ ካላችሁ የግል ሕፃናት ስፔሻሊስት ጋ ጀምሩ፣ ያፈጥናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ሪፈር ሳትይዙ ብትሄዱ ወጪው እናንተው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመድን ደብተሩ የታደሰ መሆኑን፣ የልጁ ስምና ፎቶ መኖሩን ከቤት ሳትወጡ እዩ። አባል ያልሆናችሁና አቅም የሌላችሁ ደግሞ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዴት እንደሚወጣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ለዚህ መሯሯጥ ከባድ ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ «እግሩን ያመዋል» ብቻ ካላችሁ ማስታገሻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ሁለት ወር ሆነው። ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ ይደርቃል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይላቀቃል። እብጠት አለው፣ ቪዲዮውን ይዩልኝ። አልወደቀም።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም የሚፈልጉት መረጃ ነው። «አልወደቀም» የሚለውን አትርሱ፣ አለበለዚያ ራጅ ተነስቶ «ስብራት የለም» ተብሎ ነገሩ ያልቃል።

ከዚያ ሪፈሩ ሲጻፍ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክፍል ወዴት እንደምትላኩ ይወስናል። «ለአጥንት ክፍል» ከተባለ አጥንት ቀዶ ሐኪም ጋ ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ወራት ያልፋሉ፣ እሱም «የኔ አይደለም» ይላል። በትሕትና ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ለሕፃናት ስፔሻሊስት ቢሆንልንስ?» እብጠቱ ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንደሆኑና የተሰጠው መድኃኒት ወረቀቱ ላይ ይግባ። የደም ውጤቶቹንም፣ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ኢኤስአር (ብግነት መኖሩን የሚጠቁም) ከተሠሩ፣ ቅጂ ያዙ። ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ወረቀት ይጠፋል፣ ካርድ ክፍልም ይጠፋል።

ስለ ደም ምርመራ ሁለት ነገር ብቻ ልበል፣ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደናገራልና። አንደኛ፣ ደሙ ጤነኛ ሆኖ መገጣጠሚያው የታመመ ልጅ አለ፤ የአዋቂ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚታይበት ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ «ደሙ ምንም የለውም» ማለት «ልጁ ምንም የለውም» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ኤኤስኦ የሚባለው ከፍ ማለቱ ልጁ ከዚህ በፊት በጉሮሮ ባክቴሪያ መያዙን ይናገራል እንጂ ብቻውን «የልብ ሩማቲክ አለበት» አያሰኝም። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ለዓመታት መርፌ ታዘዘ ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

4. ትልቁ ሆስፒታል

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ ክልል ከሆናችሁ ደግሞ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐረር ያሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሕፃናት ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለውን ሞክሩ። ጥቁር አንበሳ በአዋቂ ውስጥ ደዌ ሥር የሩማቶሎጂ ክትትል አለ፣ የሕፃናት ልብና ኩላሊት ስፔሻሊስቶችም አሉ። ሕፃናት ሐኪሙ ከእነሱ ጋር ሊመካከር ይችላል፣ ግን እናንተ መጠየቅ አለባችሁ፦ «ሩማቶሎጂ ቢያዩትልንስ?» ይህች ጥያቄ ነውር የላትም።

በማለዳ ድረሱ። የልደት ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ፣ የመድን ደብተር፣ ሪፈር፣ የላብራቶሪ ቅጂ፣ ራጅ ካለ ፊልሙ ራሱ፣ ደብተራችሁ፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል። ለልጁ ዳቦና ውሃ ያዙ፣ ወረፋው መጨረሻው አይታወቅም። ሁለት ሰው ብትሆኑ ጥሩ ነው፣ አንዱ ወረፋ ይጠብቃል፣ አንዱ ካርድና ክፍያ ይሯሯጣል። ሲስተሮቹን አክብራችሁ አናግሩ፤ ቀጠሮ ሲለወጥ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት መልስ የምትፈልጉባቸው ጥያቄዎች፦ የበሽታው ስም ምንድን ነው፣ ጻፉልኝ። ማረጋገጫው ምንድን ነው፣ ወይስ ገና ጥርጣሬ ነው? የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ተደርጓል? መድኃኒቱ መቼ መሥራት ይጀምራል? ምን ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልምጣ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለብቻዋ፦ ዓይኑስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዳንድ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለባቸው ልጆች ዓይናቸው ውስጥ ብግነት ይፈጠራል። ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፣ ልጁም አይናገርም። ሲታወቅ እይታው ተጎድቷል። ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ ያበጠባቸውና ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸው ትንንሽ ልጆች የበለጠ ይጋለጣሉ፣ እነሱ በየ3 ወሩ መታየት አለባቸው። ምርመራው ስሊት ላምፕ በሚባል መሣሪያ ነው የሚሠራው፣ ከሩቅ ፊደል ማንበብ አይተካውም። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ሰሜን ላላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቁ ናቸው። ሪፈሩን ከሕፃናት ሐኪሙ እዚያው ውሰዱ። «ዓይኗ ደህና ነው እኮ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። አትስሙት።

ፊቷ ላይ ፀሐይ የሚያባብሰው ሽፍታ፣ አፏ ውስጥ ቁስል፣ ጠዋት የሚያብጥ ፊትና አረፋ ያለው ሽንት ያላት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊትን የሚነካ ነገር ስለሆነ የሽንት ምርመራ በየቀጠሮው ይሠራ።

5. ነገሩ የልብ ከሆነ መንገዱ ይለያል

ሕመሙ ከአንዱ ትልቅ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ዛሬ ጉልበት ነገ ክርን ከሆነ፣ ከጉሮሮ ሕመም 2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ከመጣ፣ ልጁም ከ5 እስከ 15 ዓመት ከሆነ፣ ሩማቲክ ትኩሳት ይጠረጠራል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ ልቡ ግን ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ልቡን በማዳመጫ መስማት ብቻ አይበቃም፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚሉት፣ መሠራት አለበት።

ከተረጋገጠ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በየ4 ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየ3ቱ፣ ለዓመታት ይወጋል። አንድ ቀን ዘለለ ማለት ጥበቃው ላላ ማለት ነው። ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡት። መርፌውን ወደ ቤት ቅርብ ጤና ጣቢያ አድርጉት፣ ከሆስፒታሉ የተጻፈ ትእዛዝ ይዛችሁ። አንዳንድ ቦታ አለርጂ ፈርተው «እኛ አንወጋም» ይላሉ፤ ሆስፒታሉ የሚወጉበትን ጤና ጣቢያ እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ። ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቀመጥ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስለዚህ ሐኪሙ «ሊያስፈልግ ይችላል» ባለበት ቀን ስለ ምዝገባው ጠይቁ።

ታናናሾቹስ? ጉሮሮ ሲያማቸው ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ቶንሲል ማስቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይነካም፣ ደምና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው።

6. መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ

ለመገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህን በደማቁ ጻፉት፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ መስጠት ሊገድል ይችላል። ቀን ምረጡ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ «ቅዳሜ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ፋርማሲ ውስጥ «ይህ የካንሰር መድኃኒት ነው» ብለው ሊያስደነግጧችሁ ይችላሉ። ለካንሰርም ይሰጣል፣ ግን እዚህ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ከሆስፒታሉ ካጣችሁት ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ጠይቁ፣ የመጨረሻው ፍሬ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀር።

ፕሬድኒሶሎን የጀመረ ልጅ ፊቱ ይሞላል፣ ጎረቤት «ወፈረ፣ ተሻለው» ይላል። እውነቱን ለማስረዳት አትድከሙ። ዋናው፣ በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ዘመቻ ሰፈር ሲመጣም፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ልጅ ከመከተቡ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

ከክልል የምትመላለሱ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ስፔሻሊስቱን «ሪፈር ለጻፈልን ሐኪም መልስ ይጻፉልን» በሉት፤ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደታዘዘ፣ የጉበትና የደም ምርመራ በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ የሚገልጽ። ያን ይዛችሁ ምርመራውን ቤታችሁ አጠገብ አሠሩ፣ ሐኪሙ ፈቃደኛ ከሆነ ውጤቱን በቴሌግራም ላኩለት፣ አዲስ አበባ የምትመጡት እሱ ሲፈልጋችሁ ብቻ ይሁን። በየወሩ አውቶቡስ ላይ የሚያልቅ ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «መድኃኒት ልላክ» ካለ፣ መጀመሪያ የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። አዳዲሶቹና ውድ የሆኑት፣ ባዮሎጂክ የሚባሉት ብግነት የሚያበርዱ መርፌዎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጓዝ አለባቸው፣ ሻንጣ ውስጥ ሞቀው ከመጡ ዋጋ የላቸውም፤ ከመጀመራቸው በፊትም የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታ ነው። ዘመዱ ከዚህ የበለጠ ሊረዳ የሚችለው የሁለት ዓመት ክትትል የሚያስችል ቋሚ የትራንስፖርትና የላብራቶሪ ወጪ ቢሸፍን ነው።

ትምህርት ቤቱንም አትርሱ። ከሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ውሰዱ፦ ጠዋት ሊዘገይ እንደሚችል፣ ሲያብጥበት ብቻ ከስፖርት እንደሚያርፍ፣ በሌላው ቀን ግን እንዲንቀሳቀስ። ሁልጊዜ ከስፖርት የሚቀር ልጅ ጡንቻው ይከሳል፣ መገጣጠሚያውም ይብስ ይደርቃል።

ልጁ አድጎ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂ ክፍል ሲዛወር፣ ዕድሜው እንደየሆስፒታሉ ይለያያል፣ ካርዱ አብሮት ላይሄድ ይችላል። ከመዛወሩ በፊት ባለው ቀጠሮ የበሽታውን ስም፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና የመጨረሻውን የዓይን ምርመራ ውጤት የያዘ አንድ ገጽ አጽፋችሁ ውሰዱ፣ ልጁም ራሱ ስልኩ ላይ ፎቶውን ይያዝ።